ከምላሷ ሥር ያኖርኋት ጨው

ከእንግሊዝኛ ቃል ሁሉ ከነዘር ማንዘሩ የማውቀው አንዱን ብቻ ነው። እሱንም ያወቅሁት በትምህርት ሳይሆን በቅናት ነው።

ባለፈው ሳምንት ልጄ የዝና ከባሕር ዳር ልጇን ሶስናን ይዛልኝ መጣች። መንገዱ ተዘጋ ሲሉኝ፣ ተከፈተ ሲሉኝ፣ ስልኩም አልሠራ ሲለኝ ሰንብቼ «ሐሙሲትን አለፍን» ስትለኝ ነው እህል በጉሮሮዬ የወረደው። እኔ እንዲህ ነኝ። መንገድ ላይ ያለ ልጅ እቤት እስኪገባ ድረስ የሞተ ይመስለኛል። በማግስቱ ሶስና ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ትሠራለች፤ ስለ ገንዘብ የሚነገሩ የእንግሊዝኛ ቃላት ናቸው፤ ጮክ እያለች ታነባለች። እኔ አጠገቧ ሆኜ ምስር እለቅማለሁ።

«ሳላሪ፣ ደመወዝ» አለች።

«ከጨው ነው የመጣው» አልሁ ቀና ሳልል።

«ምኑ ነው ከጨው የመጣው እማማ?»

«ያልሽው ቃል ነዋ። ድሮ በሮማውያን አገር ለወታደሩ የጨው መግዣ እየተባለ ይሰጠው ነበር አሉ። ስሙ ከዚያ ቀረ።»

ስልኳን አውጥታ ጎረጎረች። ከዚያ ዓይኗ ፈጠጠ። «እማዬ! ነይ እስቲ! እማማ እኮ እንግሊዝኛ ታውቃለች!»

የዝና ከጓዳ ሳቋ ተሰማ። «ማን እንዳስተማራት ጠይቂያት!»

ልጅቷ ጠየቀችኝ። እኔ ግን ምስሬን መልቀም ቀጠልሁ። ሠላሳ ዓመት አልፎት፣ ያስተማረችኝ ሴትዮም ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኗት፣ ስሟን ለመጥራት አፌ እንቢ አለኝ።

ያን ጊዜ እኔ ጨው ቸርቻሪ ነበርሁ። ደብረ ታቦር ቅዳሜ ገበያ ከሽንኩርት ተራው ዝቅ ብሎ፣ ከእናቴ በወረስኋት ጥግ ማዳበሪያ ዘርግቼ እቀመጣለሁ። በቀኜ የባሕር ጨው፣ ሲኒው በአሥር ሳንቲም፤ በግራዬ አሞሌ፣ ሲገኝ። አሞሌውን በትንሽ ምሳር አንዴ ብቻ መትቼ በሁለት እኩል እከፍለዋለሁ፤ ያን እጅ ከእናቴ ነው ያገኘሁት፣ እሷም ከአባቷ። አያቴ አሞሌ ራሱ ገንዘብ በነበረበት ዘመን በአህያ ሲያመላልስ የኖረ ሰው ነው፤ ዳር ዳሩ እንዳይሸረፍ በልጥ አስሮ፣ እንደ ሕፃን አቅፎ። የተሸረፈ አሞሌ ዋጋው ይወድቃላ። እኔ በደረስሁበት ጊዜ ግን አሞሌ ለከብትና የድሮውን ጣዕም ለማይረሳ ሽማግሌ ነበር። ከጉና የሚወርደው ብርድ ጆሮ ይቆርጣል፤ እጄ በጨው ተሰነጣጥቆ ያቃጥለኛል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ጨዉ ራሱ ያለቅሳል፣ ውሃ እያነባ ከሥሬ ያልቃል። እግሬ ላይ አረንጓዴ ኮንጎ ጫማ፣ ራሴ ላይ የናይለን ሻሽ። ከማዶ ካለው ሻይ ቤት የሬዲዮ ዘፈን ይመጣል፤ የቀበሌው ኪነት ከበሮ ሲመታ ግን ዘፈኑ ይዋጣል። የዝና አባት ለሚሊሺያ ተመልምሎ ሄዷል። አንድ ደብዳቤ ጻፈልኝ፣ ሰው አነበበልኝ፤ ሁለተኛው ሳይመጣ ቀረ። እኔና አንዲት ልጄ ቀረን። ሬዲዮው ዜና በጀመረ ቁጥር ልጄን ወደ ቀሚሴ እስባት ነበር፤ ዜናው እጅ ያለው ይመስል።

ከፊት ያለችውን ክፍል ያከራየኋት በዚህ መሐል ነው። ተከራይዋ አስተማሪ ናት፤ ሮማን ትባላለች፤ ከሸዋ ተመድባ የመጣች፣ ባልም ልጅም የሌላት። ሰው ሁሉ «ቲቸር» ይላታል። በዕድሜም ትበልጠኛለችና ፊት ለፊት አንቱ እላታለሁ፤ በሆዴ ግን አንቺ። አሁንም የምጽፈው በሆዴ ነው።

ምኗ ላይ እንደቀናሁ ልዘርዝር ብል ደብተር አይበቃኝም። ቴትሮን ጉርድ ነበራት፣ ሰማያዊ፣ ተተኩሶ መስመሩ እንደ ቢላዋ የቆመ። ወይን ጠጅ ሹራብ ነበራት። ፊቷን የምትታጠብበት ሳሙና አልፋ ስትሄድ እንኳ በረንዳው ላይ ይቀራል። ወር ሲያልቅ ደመወዟን ተቀብላ በፖስታ ቤቱ በኩል ስትመጣ አረማመዷ ልዩ ነው፤ የእኔ ብር ከሆነ ላብና ጨው ተቀላቅሎበት በመቀነቴ ይቋጠራል፣ የእሷ ገና ያልታጠፈ። ክረምት ቢዘንብ፣ ገበያ ቢፈርስ፣ ደመወዝ ደመወዝ ነው። ዝናብ አያሟሟውም። ከዚያው ደመወዝ በየወሩ አሥር ብር ለክፍሏ ትሰጠኛለች፣ እኔም ለየዝና እህል እገዛበታለሁ። እየበላሁት ቀናሁበት።

ይህ ሁሉ ግን የሚቻል ነበር። የማይቻለው የዝና ነበረች። ሰባት ዓመቷ ነው፤ ትምህርት ቤት የገባችው በሮማን እጅ ነው፤ የምትማረውም በሮማን ክፍል ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደብተሯን ይዛ መጀመሪያ የምትገባው ወደ ፊት ክፍል ነው። እርሳስ ጸጉሯ ውስጥ መሰካት ጀመረች፣ እንደ ሮማን። ስትስቅ አፏን በእጇ ጀርባ መሸፈን ጀመረች፣ እንደ ሮማን። እኔን «እምዬ» ትለኛለች፤ «ቲቸር» ስትል ግን ድምፅዋ ይለሰልሳል። አንድ ቀን ወጥ ሳወጣ፣

«ቲቸር ምሳዋን በልታለች?» አለችኝ።

«እኔስ በልቼ እንደሆን አትጠይቂኝም?»

«አንቺማ ሁልጊዜ ምግብ አጠገብ ነሽ» አለችኝ። ልጅ ናት፣ እውነቷን ነው። ያን ቀን ግን የበላሁት አልነበረም።

በዓመቱ አጋማሽ የትምህርት ካርድ ይዛ መጣች። ከታች የወላጅ ፊርማ የሚባል ቦታ አለ። በእኔ ቦታ ላይ የሮማን ፊርማ፣ እንደ ሐረግ የተጠማዘዘ፣ ተቀምጦበታል። ለካ ልጄ የእኔን የአውራ ጣት ቀለም አፍራበት ኖሯል፤ ክፍል ውስጥ ስቀውባት። ሮማንም ልጅቷ እንዳታለቅስ ብላ ፈረመች። በማግስቱ ነጠላዬን አድርጌ መሠረተ ትምህርት ተመዘገብሁ። ከሰዓት በኋላ በቀበሌው አዳራሽ፣ ከአሮጊቶች ጋር፣ ጠመኔ ይዤ። የዘመቻው ሰዎች ስለ ልማት ብዙ ይሉ ነበር። እኔ ፊደል የቆጠርሁት ለልማት አይደለም፤ በአንድ ካርድ ላይ አንዲት ሴት እንዳትቀድመኝ ነው። በዓመቱ መጨረሻ ካርዱ ሲመጣ ስሜን «ይታይሽ» ብዬ ጻፍሁ። ፊደሉ ከሳጥኑ ወጥቶ ውጤቱ ላይ ተደረበ። ሮማን አይታ እንደ ልጅ አጨበጨበች። እኔ ደግሞ አለመናደዷ አናደደኝ።

ስለ ቃሉ የነገረችኝ በዚያው ሰሞን ነው፤ የሰሜኑ መንገድ ከተዘጋና ጨው ከጠፋ በኋላ። አሞሌ ጭራሽ የለም፤ የባሕር ጨዉም ሲኒው ሽልንግ ገባ። ገበሬው በማሰሮ እንቁላል ይዞ ለአንድ ሲኒ ጨው ይለምነኛል። ሮማን ገበያ ስታልፍ ቆመች።

«ይታይሽ፣ እንግዲህ ዘንድሮ ደመወዝተኛዋ አንቺ ነሽ።»

«ምነው ቲቸር፣ በድሀ ይቀልዳሉ?»

«ቀልድ አይደለም» አለችና ሹራቧን ሰብስባ ከማዳበሪያዬ ጫፍ ተቀመጠች። ቴትሮኑ አፈር ነካው። የሮማውያን ወታደሮችና የጨው ነገር፣ ፈረንጆቹ ደመወዝን እስከ ዛሬ የሚጠሩበት ስም ከዚያ መምጣቱን ነገረችኝ። «አያትሽ አሞሌ ሲነግዱ ገንዘብ ነግደዋል ማለት ነው» አለች። «የእኔ ደመወዝ ወረቀት ነው። ያንቺ ዋናው ነው።»

«የእኛ አገሩ ደመወዝ ግን ከደምና ከወዝ ነው ይላሉ፣ እንግዲህ እኔ አንቱን ላስተምርዎ» አልኋት። ስቃ አፏን በእጇ ጀርባ ሸፈነች። ሌላ ሴት ብትሆን ያን ቀን ወዳጄ ትሆን ነበር። እኔ ግን ያየሁት ያንን እጅ ነው። የልጄ አሳሳቅ ከዚያ እጅ የመጣ ነው።

ከዚያ ያ የገበያ ቀን መጣ። በዚያ ዘመን ከወደ ምሥራቅ፣ ከጋይንት በኩል፣ ጉም ጉም የሚል ነገር ይሰማ ጀምሯል፤ ነጎድጓድ ነው የሚል አለ፣ አይደለም የሚል አለ። ቅዳሜ ረፋዱ ላይ የአንድ የጭነት መኪና ጎማ ፈነዳ። ጎማ ብቻ ነው። ገበያው ግን ቦምብ ነው ብሎ ተነሣ። ሰው በሰው ላይ፣ አህያ በማሰሮ ላይ ሄደ፤ ጨዌ ተረግጦ ከጭቃ ጋር አንድ ሆነ። እኔ ያስታወስሁት የዝናን ነው፤ ወደ ሽንኩርት ተራው ልኬያት ገና አልተመለሰችም ነበር። ስሟን እየጠራሁ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ኢየሱስ ዳገት ድረስ ሮጥሁ። ጫማዬ የት እንደወደቀ አላውቅም። በመጨረሻ ሰው «ከቲቸር ጋር ናት» አለኝ። ትምህርት ቤቱ ግንብ ሥር ሮማን ተቀምጣ፣ ልጄን በወይን ጠጁ ሹራብ ውስጥ ከነጭንቅላቷ ከታ፣ ጆሮዋን በሁለት እጇ ይዛ ትወዛወዛለች። እጄን ዘረጋሁ። የዝና ግን አንገቷን አልለቀቀችም። እግዚአብሔርን አመሰገንሁ፣ በዚያው ትንፋሽ ሮማንን ጠላኋት።

ሳምንት ሳይሞላ ሮማን ወደ ጓዳዬ ገባች፤ ገብታ አታውቅም ነበር።

«ዝውውሬ ወጣ፤ ባሕር ዳር» አለች። «ይታይሽ፣ የዝናን ስጪኝ አልልሽም። አካፍዪኝ።»

«ልጅ አሞሌ ነው እንዴ ቲቸር፣ በምሳር መትቼ የማካፍልዎ?»

«እንደ አገርሽ ወግ ይሁን። በካህን ፊት፣ የጡት ልጄ ትሁን። ይሄ ነገር እስኪያልፍ እኔ ዘንድ ትማራለች፣ ሲያልፍ ትመጫለሽ።»

«አብረሽኝ ነይ አትሉኝም?»

«ነይ፤ ነይ እንጂ!» አለች። ግን ቤቴን ጥዬ፣ ባሌ ቢመለስ ማን ይከፍትለታል? ይህን እሷም ታውቃለች። በዚያው ሰዓት ከወደ ጋይንት ያ ድምፅ እንደገና ጉም አለ፣ የምጣድ ክዳን በመደቡ ላይ ሲንቀጠቀጥ ሁለታችንም አየነው። ሰላም ቢሆን ኖሮ ጥፍሯን አልሰጣትም ነበር። ፍርሃቴ ከቅናቴ በለጠና «እሺ» አልሁ።

ወጉ እንዲህ ነው፦ አሳዳጊዋ አውራ ጣቷን ማር ትነክራለች፣ ልጅቷ በሰው ፊት ትጠባለች፣ ካህኑ ያጸናዋል። ከዚያ በኋላ የወለደችም ያጠባችም እኩል እናት ናቸው፣ የካደ ይካዳል። እናቴ ታዲያ ስትል የሰማሁት አንድ ነገር አለ፦ የልጅቱ አፍ እንደ ቆራቢ አፍ ምንም ያልነካ መሆን አለበት፤ ከማሩ በፊት ሌላ ነገር ከቀመሰች ጡቱ አይጸናም፣ ነገሩ ጨዋታ ሆኖ ይቀራል። እሑድ ጠዋት የንስሐ አባቴ መምሬ ተገኘ ከቅዳሴ መልስ ከሁለት ጎረቤቶች ጋር መጡ። እኔ የዝናን ነጭ ቀሚስ ላለብሳት ጓዳ አስገባኋት። ከጆንያው ጥግ ከቀረችው ጨው ሽምብራ የምታህል አነሣሁ።

«ከምላስሽ ሥር ያዣት። አትዋጫት። ለማንም አትናገሪ።»

«ለምን እምዬ?»

«የእናትሽ ናት።»

ወጣን። መምሬ ተገኘ እንደ ወጉ ጠየቁኝ፤ «ይታይሽ፣ ልጅቱ አፏን ነክታለች?»

«አልነካችም አባቴ» አልሁ። በንስሐ አባት ፊት የዋሸሁትን ለማን ንስሐ እገባበታለሁ? እሳቸው እስኪሞቱ አልተናዘዝሁም።

ሮማን ከደራ ያስመጣችውን ነጭ ማር በብርጭቆ አቅርባለች። ተንበረከከች፣ ጣቷን ነከረች፣ ወደ የዝና አፍ አስጠጋች። ልጅቷ ከንፈሯን ገጥማ ቆመች። ሮማን ጆሮዋን ሰጠቻት። የዝና የሆነ ነገር አለቻት። ሮማንም በጆሮዋ የሆነ ነገር መለሰችላት። ከዚያ ጣቷን ከነማሩ ወደ ላይ ይዛ ዝም ብላ ቆየች። ማሩ ወደ አንጓዋ ወረደ፤ ወደ ክርኗ ወረደ፤ የሹራቡ እጅጌ ገባ።

«ልጄ፣ ማሩ እኮ ፈሰሰ» አሉ መምሬ።

«ትንሽ ይታገሡኝ አባቴ» አለች፤ ዓይኗን ከልጄ ላይ ሳትነቅል።

ይህች ሴት በእኔ ቤት፣ በእኔ ልጅ ላይ፣ ታቦት ያነገሠች ይመስል ታስጠብቀናለች ብዬ ጥርሴን ነከስሁ። ኋላ ጣቷን እንደገና ነከረች፤ የዝና አፏን ከፍታ ጠባች፤ መምሬ «ይጽና» አሉ። እኔ በሆዴ «አይጸናም» አልሁ።

ማክሰኞ በጭነት መኪና ጋቢና ሄዱ። ከዚያ የሆነው ሆነ፤ ከተማው ከእጅ እጅ ሲገለባበጥ ስንት ቀን ከአልጋ ሥር ተኛሁ፤ ትምህርት ቤቱ የወታደር ማደሪያ ሆነ። ልጄ እዚህ ብትሆን ኖሮ ብዬ ሳስብ እስከ ዛሬ አማትባለሁ። ባሌ አልተመለሰም። መንገድ ሲከፈት ባሕር ዳር ሄድሁ፤ የዝና አድጋ፣ እርሳስ ጸጉሯ ውስጥ ሰክታ በር ከፈተችልኝ። ልትመለስ ትችል ነበር፤ ትምህርቷ ግን እዚያ፣ ጓደኞቿ እዚያ ሆኑ። በበዓል በበዓል ትመጣልኝ ነበር። ተመርቃ ሥራ ስትይዝ በመጀመሪያ ደመወዟ ለሁለታችን አንድ ዓይነት ነጠላ ገዛች። ሮማን ነጠላዋን ለብሳ ስትመጣ ጥለቱን በጣቴ ለካሁት። የእሷ በአንድ ክር ይሰፋ ነበር። ይሰፋል ብዬ እምላለሁ።

እንዲያም ሆኖ በቀናሁ ቁጥር መጽናኛ ነበረኝ። ሰው «የቲቸር ልጅ» ሲላት፣ በሠርጓ ሮማን ከጎኔ ስትቀመጥ፣ በቀብሯም የዝና «እናቴ» እያለች ደረቷን ስትመታ፣ እኔ ያቺን ሽምብራ የምታህል ጨው አስባለሁ። አልጸናም። እናንተ አታውቁም እንጂ ከማሩ በፊት የቀመሰችው የእኔን ነው። አንድ ነገር ብቻ እንደ እሾህ ይወጋኝ ነበር፦ ያኔ ሮማን በልጄ ጆሮ ምን አለቻት? «ከእንግዲህ የእኔ ነሽ» እንዳለቻት ለራሴ ወስኜ ኖርሁ።

አሁን የዝና እጇን በቀሚሷ እያበሰች ከጓዳ ወጣችና ከሶስና አጠገብ ተቀመጠች።

«ጨው ስትሉ ምን ትዝ አለኝ» አለች። «እምዬ፣ ያቺን ጨው ታስታውሻለሽ? ከምላሴ ሥር ያደረግሽልኝን?»

የምስሩ ሰፌድ ከእጄ ተንሸራተተ። «አንቺ ታስታውሻለሽ?»

«እንዴት እረሳዋለሁ? እያቃጠለኝ! ቲቸር ጣቷን ስታመጣ ጨነቀኝና ‘አፌ ውስጥ የእምዬ ጨው አለ’ አልኋት።»

«ለማንም አትናገሪ አላልሁሽም?»

«ቲቸር ማንም ናት እንዴ?» አለች እየሳቀች። ከዚያ ሳቋን ተወችው። «ወጉን ታውቀው ነበር፤ መምሬ አስቀድመው ነግረዋታል። ትፊው ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ ‘እንዳትተፊው’ አለችኝ። ‘የእናትሽ ነው፤ ሟሙቶ እስኪያልቅ እጠብቅሻለሁ።’ እስከ መጨረሻው መጠጥሁት። ማሩ ክንዷን ሲያጥበው እያየሁ።»

ሶስና «ከዚያስ?» አለች። የዝና የቀረውን ነገረቻት፤ እኔ አልሰማሁም። አጎንብሼ የፈሰሰውን ምስር ከአፈሩ እለቅም ነበር፤ አንድ አንዱን፣ ቀስ ብዬ። እስከ ክርኗ የወረደው ያ ማር ነው ዓይኔ ላይ የነበረው። ሰው ሁሉ እያያት፣ መምሬ እያጉረመረሙ፣ በዚያች ሹራብ፣ የእኔ ጨው ከልጄ አፍ እስኪያልቅ ተንበርክካ ጠበቀች።

እኔ ብሆን አልጠብቅም ነበር።